ከካሜራው በፊት እርሳሱ፦ የፊልማችንን መክፈቻ በስቶሪቦርድ እንዴት አዘጋጀን?



ባለፈው ዓመት የጀመዓችን የሚዲያ ክፍል አጭር ፊልም ሊሠራ ተነስቶ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፊልሙ ግን አልወጣም። «የት ደረሰ?» ብላችሁ ስትጠይቁን ፈገግ ብለን ነበር የምናልፈው። ዛሬ እውነቱን እንናገር። የቀረው ገንዘብ አጥተን አይደለም። ጽሑፉ አልቆ ነበር፣ ካሜራ ተውሰን ነበር፣ ተዋንያኑም በሰዓታቸው መጥተው ነበር። ያልነበረን ነገር የመጀመሪያዋን ምስል ካሜራው የት ቆሞ እንደሚቀርጻት የተስማማንበት አንዲት ወረቀት ናት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ «ከዚህ ይሻላል»፣ «የለም፣ ከደረጃው ላይ ነው» ስንባባል ፀሐይ ጠለቀች። ካሜራው በማግስቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድማችንም ጂሲ ስለነበር ተመርቆ ሄደ።

ዘንድሮ የተሰጠን ጊዜ ከአምናው አይበልጥም፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ልዩነቱ በእጃችን ዘጠኝ በእርሳስ የተሣሉ ሳጥኖች መኖራቸው ነው። አልሐምዱሊላህ፣ የፊልሙ የመጀመሪያ 70 ሰከንድ በዚያው ቀን ተቀርጾ አለቀ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያንን ሥራ ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት ነው። ለክላስ ፕሮጀክት ቪዲዮ የምትሠሩ፣ ለጀመዓው ፕሮግራም አጭር ድራማ የምታዘጋጁ፣ ወይም በስልካችሁ ብቻ አንድ ታሪክ መናገር የምትፈልጉ ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ስቶሪቦርድ ምንድን ነው?

ስቶሪቦርድ ማለት ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት እያንዳንዱ ሾት ምን እንደሚመስል በተከታታይ ሳጥኖች ውስጥ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ሳጥኑ ተመልካቹ የሚያየው ስክሪን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚታይ፣ ወዴት እንደሚያይና ወዴት እንደሚሄድ ይሣላል። ከሥሩ ደግሞ የሚሰማው ድምፅና ሾቱ የሚፈጀው ሰከንድ ይጻፋል።

አሠራሩ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ የካርቱን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሠዓሊዎቹ ንድፎቻቸውን በግድግዳ ሰሌዳ ላይ በተርታ እየሰኩ ታሪኩ የት ላይ እንደሚጎተት፣ የት ላይ እንደሚዘል በአንድ እይታ ይለዩ ነበር። የማይጠቅመውን ነቅለው ሌላ ይሰካሉ። ቆይቶ ሰዎች የሚጫወቱባቸውን ፊልሞች የሚሠሩትም ወሰዱት።

ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን «ፓተር ፓንቻሊ» የተሰኘ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ በወጉ የተሟላ የፊልም ጽሑፍ አልነበረውም። የያዘው በንድፎችና በማስታወሻዎች የተሞላ ደብተር ነበር። ገንዘብ እያለቀበት ቀረጻው ዓመታት ሲፈጅ፣ ፊልሙ ምን እንደሚመስል የሚነግረው ያ ደብተር ነበር። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋም እ.ኤ.አ. በ1980 ለወጣው «ካጌሙሻ» ገንዘብ የሚሰጠው ባጣበት ጊዜ ትዕይንቶቹን በቀለም ይሥል ነበር። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ እርሳስና ወረቀት ገንዘብ ሳይኖርም ፊልሙን ለመጀመር ያስችላሉ።

መክፈቻው ለምን ተለይቶ ይታሰባል?

ተመልካች በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሁለት ነገር ይወስናል። አንደኛ፣ «ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ይላል። ሁለተኛ፣ ሳያውቀው «ይህን ሰው በምን ዓይን ልየው?» የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። በመክፈቻው ላይ የተሰጠ መልክ እስከ መጨረሻው ይከተላልና።

አብዛኞቻችን የምናውቀውን ፊልም እናንሳ። የሙስጠፋ አል-ዐቃድ «አር-ሪሳላ» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ነው። የሚጀምረው ከመካ አይደለም። ፈረሰኞች በሰፊ በረሃ ሲጋልቡ እናያለን፤ ከዚያ ይለያያሉ፣ እያንዳንዳቸውም የአላህን መልእክተኛ ﷺ ደብዳቤ ይዘው ወደተለያዩ ገዥዎች፣ ወደ ሄራቅል፣ ወደ ግብጽና ወደ ኪስራ ይሄዳሉ። በታሪኩ ቅደም ተከተል ይህ ዘግይቶ የመጣ ክስተት ነው። ፊልሙ ግን ከዚያ ጀምሮ ነው ወደ ኋላ ወደ መካ የሚመልሰን። ተመልካቹ አስቀድሞ «ይህ መልእክት ምን ያህል ርቆ ሄደ?» የሚለውን ስላየ፣ በኋላ በመካ የሚያየውን መከራ በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል። የታሪክ መጀመሪያና የፊልም መጀመሪያ የግድ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ከዚሁ ፊልም ሌላም ትምህርት አለ። ነቢዩ ﷺ በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። በአንዳንድ ትዕይንቶች ሌሎቹ ሰዎች ቀጥታ ወደ ካሜራው እያዩ ይናገራሉ። ካሜራው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ የአደብ ጥያቄም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምሳሌ አይገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የኢራናዊው መጂድ መጂዲ «የገነት ልጆች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ። በመጀመሪያ የምናየው የልጅ ፊት አይደለም። የጫማ ጠጋኝ እጆች አንዲት ያረጀች የሴት ልጅ ጫማ ሲሰፉ በቅርበት እናያለን። ማንም ስለ ድህነት አንድ ቃል አልተናገረም። ግን ይህቺን ጫማ የሚያሰፋው ቤተሰብ ሌላ መግዛት እንደማይችል ገብቶናል፤ ጫማዋ ስትጠፋም ከልጁ ጋር እንደነግጣለን። እኛም እጅን አስቀድሞ ማሳየትን ከዚህ ፊልም ነው የተማርነው።

የእኛ ታሪክ

የፊልማችን ታሪክ ከመካከላችን በአንዱ ወንድማችን ላይ የደረሰ ነው፤ በፈቃዱ ነው የምንጽፈው። ፍሬሽ ሆኖ ግቢ የገባበት ዓመት ረመዷን ሲጀምር፣ ጀመዓው የኢፍጣርና የሱሑር ዝግጅት እንዳለው አያውቅም ነበር። ሰው ለመጠየቅም አፍሮ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ካፌ ገብቶ የቁርስ ዳቦውን ይወስዳል፣ ሳይበላ በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ በጃኬቱ ውስጥ ይይዛል፣ ዶርም ሎከሩ ውስጥ አስቀምጦ ማታ በዚያ ያፈጥራል። ከጎኑ የሚቀመጠው የዶርም ጓደኛው ሙስሊም አልነበረም። ዳቦውን ሲደብቅ አይቶ መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠረጠረ። ቀጥሎ የሆነውን ፊልሙ ሲወጣ ታዩታላችሁ፤ አሁን የምናወራው ስለ መክፈቻው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ንድፋችን እንዲህ ነበር፦ ካሜራው ከላይ፣ ካፌው በሙሉ ይታያል፣ በአንድ ጥግ አንድ ልጅ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ቀጥሎ ፊቱ በክሎዝ አፕ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከሥሩ «የሚያሳዝን ነሺዳ» ብለን ጽፈን ነበር። እኛ በጣም ወደድነው።

ባለታሪኩን ጠርተን ወረቀቱን አሳየነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ እንዲህ አለን፦ «እኔ ያን ጊዜ ራበኝ እንጂ አልተዋረድኩም። ይሄ ልጅ ግን ተመጽዋች ነው የሚመስለው።»

ያፈርነውን ያህል ነው የተማርነው። በጽሑፉ ላይ ያ ስሕተት አልታየንም ነበር። «ልጁ ዳቦውን ይጠቀልላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንንም አያዋርድም። ያዋረደው ካሜራውን ከላይ ማስቀመጣችን፣ ፊቱን ያለ ጊዜው ማሳየታችንና ዜማ መጨመራችን ነው። ይህ የሚታየው ሲሣል ብቻ ነው። ስቶሪቦርድ ባይኖረን ኖሮ ወንድማችን ራሱን በዚያ መልክ የሚያየው ፊልሙ በአዳራሽ ሲታይ፣ በመቶዎች ፊት ነበር። አሁን ያስከፈለን አንድ ላጲስ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ምን ይገባል?

ወረቀታችን ተራ ኤ-ፎር ነው። የዛሬ ስክሪኖች አብዛኞቹ የጎንና የቁመት መጠናቸው 16 ለ9 ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ሳጥን 8 ሴንቲ ሜትር በ4.5 ሴንቲ ሜትር አድርገን አሰመርን። በአንድ ገጽ ሦስት ሳጥን በቂ ነው፤ በጎኑ ለማስታወሻ ቦታ ይተርፋል። በእያንዳንዱ ሳጥን አምስት ነገር እንዲመለስ ደንብ አወጣን፦

አንደኛ፣ ርቀት። ሰውየውና አካባቢው በሙሉ የሚታዩበት ሎንግ ሾት ነው። ከወገብ በላይ የሚታይበት ሚዲየም ሾት ነው። ፊት ወይም እጅ ብቻ ስክሪኑን የሚሞላበት ክሎዝ አፕ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፍታ። ካሜራው ከዓይን በላይ ሲሆን ሰውየው ያንሳል፣ ከዓይን በታች ሲሆን ይገዝፋል፣ በዓይን ልክ ሲሆን እኩያችን ይሆናል። ከባለታሪኩ ቃል በኋላ መክፈቻው በሙሉ በዓይን ልክ ወይም በጠረጴዛ ልክ እንዲሆን ወሰንን።

ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴ። ሰው የሚሄድበትን በቀጭን ቀስት፣ ካሜራው የሚሄድበትን በወፍራም ቀስት እናሳያለን። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በቀረጻ ቀን ክርክር ይነሳል።

አራተኛ፣ ድምፅ። የሚሰማው ነገር ከሥዕሉ እኩል ይጻፍ። «ዝምታ» ከሆነም «ዝምታ» ተብሎ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ሰከንድ። በግምት አይሁን። ስልክ ላይ ሰዓት ከፍታችሁ ድርጊቱን እየሠራችሁ ለኩት። ዳቦ በወረቀት መጠቅለል ሦስት ሰከንድ ይፈጃል ብለን ነበር፤ ስንሞክረው ዘጠኝ ሆነ።

እዚህ ላይ አንዲት እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ሳይጠቀስ አይታለፍም። «ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ስለ መሣል የመጡ ሐዲሶች አሉ፤ እንዴት ነው የምናደርገው?» አለች። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። ብይን መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም፤ በዝርዝሩ ላይ የምትጨነቁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። እኛ የመረጥነው ለሁላችንም ልብ የሚያርፍበትን መንገድ ነው። ሰውን የምናመለክተው በመስመርና በባዶ ክብ፣ ዓይንና አፍ ሳይኖረው፣ ከላዩ «ሀ» ወይም «ለ» የሚል ፊደል ጽፈን ነው። የሚያይበትን አቅጣጫ አፍንጫው ባለበት ቦታ አንዲት አጭር ሰረዝ ታመለክታለች። ስቶሪቦርድ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚል ሰበብም በዚሁ ተዘጋ።

ዘጠኙ ሳጥኖች

ከታረመ በኋላ መክፈቻው ይህን መሰለ፦

1. ጥቁር ስክሪን። ድምፅ ብቻ፦ የትሪ መጋጨት፣ የጭልፋ፣ የብዙ ሰው ወሬ። 4 ሰከንድ።

2. ክሎዝ አፕ፣ በጠረጴዛ ልክ። ትሪ ላይ ዳቦ ይቀመጣል። 5 ሰከንድ።

3. ክሎዝ አፕ። ሁለት እጆች ከደብተር ወረቀት ይገነጥላሉ፣ ዳቦውን በጥንቃቄ ይጠቀልላሉ። ወረቀቱ ላይ የሒሳብ ኖት ይታያል። 9 ሰከንድ።

4. ሚዲየም፣ ከ«ሀ» ጀርባ። ዙሪያው ያሉት እየበሉ እየሳቁ ነው። የ«ሀ» ፊት አይታይም። 8 ሰከንድ።

5. ሚዲየም፣ «ለ» ማለትም ጓደኛው። ማኘኩን አቁሞ ያያል። 4 ሰከንድ።

6. ሚዲየም። «ሀ» ተነስቶ ጥቅሉን በጃኬቱ ውስጥ ይዞ ወደ በር ይሄዳል፤ ካሜራው በዓይን ልክ ይከተለዋል። የካፌው ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። 10 ሰከንድ።

7. ሎንግ ሾት። የግቢው መንገድ፣ ተማሪዎች ወደ ክላስ፣ «ሀ» በተቃራኒው ወደ ዶርም። 8 ሰከንድ።

8. ክሎዝ አፕ። ሎከር ይከፈታል። ውስጡ ትናንት የተጠቀለለ ሌላ ዳቦ አለ። አዲሱ ከጎኑ ይቀመጣል። 7 ሰከንድ።

9. ሚዲየም፣ በዓይን ልክ። ዶርም፣ የቀኑ የመጨረሻ ብርሃን በመስኮት ይገባል። «ሀ» ጥቅሉንና የውኃ ፕላስቲክ ይዞ ተቀምጧል። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እናያለን፤ ጸጥ ያለ ነው፣ አላለቀሰም። አዛን ይጀምራል። የፊልሙ ርእስ ይወጣል። 15 ሰከንድ።

ድምሩ 70 ሰከንድ ነው። አንድም ንግግር የለም። እስከ ስምንተኛው ሳጥን ተመልካቹ «ለምን አይበላም? ለምን ይደብቃል?» እያለ ይቆያል። ከጓደኛው ጋር አብሮ ይጠረጥራል። አዛኑ ሲሰማ ሙስሊሙም ሙስሊም ያልሆነውም ይገባዋል፤ የጠረጠረም በራሱ ጥርጣሬ ትንሽ ያፍራል። ፊቱን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ለዚህ ነው። ሰውን ከማወቃችን በፊት ምን ያህል እንደምንፈርድ የሚናገረው ዋናው የፊልሙ ሐሳብ በመክፈቻው ውስጥ ገብቷል።

ወረቀቱ የያዘልን ስሕተቶች

በአራተኛውና በአምስተኛው ሳጥን መካከል አንድ ችግር ነበር። በመጀመሪያ ስንሥላቸው የ«ሀ»ም የ«ለ»ም ሰረዝ ወደ ቀኝ ያመለክት ነበር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ሆነው አንዱ ሌላውን ሲያይ፣ አንዱ በስክሪኑ ወደ ቀኝ ካየ ሌላው ወደ ግራ ማየት አለበት። አለበለዚያ ሁለቱም ሦስተኛ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለቱ መካከል የምትዘረጋ አንዲት መስመር አስቡ፤ ካሜራው ሁልጊዜ ከመስመሩ በአንደኛው ወገን ይቁም። እኛ የጠረጴዛውን ካርታ ከላይ ሥለን ካሜራው የማይሻገረውን ወገን በቀይ እስክሪብቶ አጠቆርን።

ሁለተኛው ስሕተት የተገኘው ሳጥኖቹን በስልክ ፎቶ አንስተን፣ እያንዳንዱን በተመደበለት ሰከንድ ደርድረን፣ የካፌ ድምፅ ጨምረን እንደ ቪዲዮ ስናየው ነው። በነበረው ቅጂ በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ደረጃ የሚወጣበት አንድ ተጨማሪ ሳጥን ነበር። በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስል ነበር፤ ስናየው ግን ሁላችንም ስልካችንን ነካካን። አወጣነው። ይህን ሙከራ ሳታደርጉ ካሜራ አትዋሱ።

በቀረጻው ቀን

ሳጥኖቹ በፊልሙ ቅደም ተከተል ቢቆጠሩም የሚቀረጹት በቦታ ነው። ከ2 እስከ 6 ያሉት በካፌው፣ 7 በመንገዱ፣ 8 እና 9 በዶርሙ። የካፌው ቀረጻ ፈቃድ ይፈልግ ስለነበር ከማመልከቻው ጋር የስቶሪቦርዱን ኮፒ አያያዝን። ኃላፊው ገጾቹን አገላብጠው ካሜራው የት እንደሚቆምና ስንት ሰዓት እንደምንፈልግ ካዩ በኋላ አላንገላቱንም። «ፊልም ልንቀርጽ ነው» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ የተሣለ ወረቀት ያሳምናል።

ትልቁ ፈተና ዘጠነኛው ሳጥን ነበር፤ አምና የወደቅንበትም የምሽት ብርሃን ነው። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ቶሎ ይጨልማል። በዚያ ላይ መግሪብ ሲገባ ካሜራ ይዘን የምንቆም ሰዎች አይደለንም። ስለዚህ ሾቱ ከአዛን በፊት ባለው የመጨረሻ ብርሃን እንዲያልቅ፣ አዛኑ ደግሞ በሌላ ቀን ከሙአዚኑ ጋር ተነጋግረን በድምፅ ብቻ እንዲቀዳ በወረቀቱ ላይ አስቀድመን ጻፍን። ዓስርን ሰግደን ዶርም ገባን። ካሜራው የሚቆምበት ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀረጽነው፣ ሦስተኛው ጥሩ ሆነ። አዛን ሲል ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ እኛም ሰፍ ውስጥ ነበርን።

ለመጀመር ለምትፈልጉ

ሙሉ ፊልም አታስቡ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ አስቡ። ታሪኩን ለአንድ ሰው ስትነግሩት መጀመሪያ በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ዕቃ ወይም እጅ ወይም ቦታ ምንድን ነው? እሱን በአንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ «ተመልካቹ አሁን ምን ማወቅ ይፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁና ቀጣዩን ሳጥን ሥሉ። ከስድስት እስከ አሥር ሳጥን ይበቃችኋል።

ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ለእሱ ወይም ለእሷ አሳዩ። ዝም ብለው ሲያዩት ዝም በሉ፤ አትከራከሩ፣ አታስረዱ። ወንድማችን አዲሱን ንድፍ ሲያይ ስለ ካሜራው ምንም አላለም። ሦስተኛውን ሳጥን በጣቱ ነክቶ «የሒሳብ ኖቱን እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ ሳቀ። አላወቅንም ነበር፤ የሣለው ልጅ እጁ ላይ ያገኘው የራሱን የሒሳብ ደብተር ስለሆነ ነው። ፈቃዱን የሰጠን ያኔ ነው።

ባዶ ሳጥኖች የተሠመሩበትን ገጽ ማባዛት የምትፈልጉ የሚዲያ ክፍሉን አባላት ጠይቁ፤ እርሳስ ግን ይዛችሁ ኑ። በዚህ ዓመት ፍሬሽ ሆናችሁ የመጣችሁና ዳቦ እየጠቀለላችሁ ያላችሁ ካላችሁም እንዳታፍሩ። የኢፍጣርና የሱሑር ምዝገባው ለሁላችሁም ክፍት ነው፤ ከጎናችሁ የሚሰግደውን ሰው ብቻ ጠይቁ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።